መሬቱ የማን ነው? እኽሉስ?
ስለ ሶቪየት ኅብረት የማኅበር እርሻ

ስለ መሬት ባለቤትነት ሲነገር ብዙ ሰው የሚጠይቀው መሬቱ በማን ስም እንደ ተጻፈ ነው። የሶቪየት ኅብረት ገበሬዎች ታሪክ ግን ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችም ሊነሡ እንደሚገባ ያስረዳል፤ ይኸውም እኽሉን ከዐውድማ የሚያነሣው ማን ነው? ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ገበሬውስ ወደ ሌላ ስፍራ ለመሄድ መብት አለው ወይ? የሚሉት ናቸው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1917 የወጣው የመሬት ዐዋጅ መሬትን በግል መያዝን ሻረ። ሆኖም መሬቱን የሚያርሰው እንደ ቀድሞው ገበሬው ከነቤተ ሰቡ ነበረ። በ1921 ደግሞ መንግሥት እኽልን በግድ መውሰዱን ትቶ የተወሰነ ግብር በዓይነት ስለ ጣለ፥ ገበሬው ከግብር የተረፈውን ወደ ገበያ አውጥቶ ይሸጥ ጀመር። ስለዚህ መሬቱ በሕግ የመንግሥት ቢሆንም የጎተራው ጌታ ገበሬው ነበረ።

ይህ ሁኔታ ከ1929 ጀምሮ ተለወጠ። ገበሬዎች መሬታቸውን፥ ፈረሶቻቸውንና ማረሻቸውን ኮልሆዝ ወደሚባለው የእርሻ ማኅበር እንዲያስገቡ ተገደዱ። «ኩላክ» ማለት ሀብታም ገበሬ ተብለው የተፈረጁት ንብረታቸውን ተወረሱ፤ በ1930 እና በ1931 ብቻ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደ ሩቅ አገር ተጋዙ። ብዙዎችም ከብታቸውን ለማኅበሩ ከማስረከብ ይልቅ ማረድን ስለ መረጡ፥ በ1933 የአገሩ ፈረሶች ቍጥር ከ1929ኙ ወደ ግማሽ ያህል ወረደ።

የማኅበሩ አሠራር እንዲህ ነበረ። ከምርቱ አስቀድሞ መንግሥት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ የሚፈልገውን ይወስዳል። ቀጥሎ ለትራክተር ጣቢያው የእርሻ ዋጋ በእኽል ይከፈላል፤ ትራክተሮቹ እስከ 1958 ድረስ የመንግሥት እንጂ የማኅበሩ አልነበሩም። ከዚያም ለዘር የሚሆነው ይቀመጣል። የቀረው ለገበሬዎቹ እንደየሥራ ቀናቸው ይከፋፈላል። ስለዚህ አራሹ ድርሻውን የሚያገኘው ከሁሉ በኋላ ነበረ።

በነሐሴ 1932 የወጣው ሕግ ከማኅበሩ እኽል የሰረቀውን በሞት ወይም በ10 ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር፤ በዚህም ሕግ ቃርሚያ የለቀሙ ሳይቀሩ ተቀጡ። በዚያው ዓመት ለከተማ ነዋሪዎች የውስጥ ፓስፖርት ሲሰጥ፥ የማኅበሩ ገበሬ በጠቅላላው ሳይሰጠው ቀረ፤ መብቱ የተፈቀደለት ከ1974 ወዲህ ነው። በ1932 እና በ1933 በዩክሬን፥ በካዛክስታንና በቮልጋ አካባቢ በተነሣው ረኃብ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ።

በ1935 የወጣው የማኅበራት ደንብ ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ከሩብ እስከ ግማሽ ሄክታር፥ በአንዳንድ አውራጃ እስከ 1 ሄክታር የጓሮ መሬት ፈቀደ። በ1960ዎቹ ዓመታት ይህን የመሰለው የጓሮ እርሻ ከሚዘራው መሬት ከመቶ 3 ያህሉን ብቻ ይዞ ከአገሩ ድንች ከግማሽ የሚበልጠውን ያስገኝ ነበር። ጓሮውም ቢሆን በሕግ የመንግሥት መሬት ነበረ፤ ልዩነቱ ምርቱ ወደ ገበሬው ቤት መግባቱ ነው።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰ። የታሪኩ ትምህርት ግን ለማንኛውም አገር ይሠራል፤ መሬቱን፥ መሣሪያውን፥ ዋጋውንና መንገዱን አንድ እጅ በያዘ ጊዜ፥ ገበሬው አባል ቢባልም የድካሙ ጌታ አይሆንም። ስለዚህ የመሬት ሕግ የሚመዘነው በመዝገብ ብቻ ሳይሆን በዐውድማም ላይ ነው።