የዲፍረንሻል ዘይት ማኪያቶ ሲመስል

ከመቀሌ ወደ ዳሎል የሚወርድ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይዘልቃል። መንገዱን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ይውልና አሳሌ ላይ ጨው ይረግጣል። ሾፌሩ ሲመለስ መኪናውን ያሳጥባል። ላዩን ብቻ ካሳጠበ ግን ለጎረቤት ዓይን ነው የደከመው፤ ጨው የሚበላው ከታች፣ ሻንሲው ላይ ተጣብቆ ነው።

ቶዮታ ይህን የ70 ዝርያ ለገበያ ያቀረበው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ገጠር ለገጠር ሲዞር የሚታየው በአብዛኛው ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩ ነው፦ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። አይሞትም ይሉታል። ይሞታል፤ ያውም በርካሽ ነገር።

አንዱ የአየር ፊልትሮ ነው። መመሪያ መጽሐፉ አቧራማ መንገድ ላይ ለሚውል መኪና የሰርቪሱ ጊዜ እንዲያጥር ያዛል፤ ያቺን ገጽ ግን ማን ያነባታል? ተከታትለው በሚሄዱ መኪኖች መካከል ሁለተኛው የፊተኛውን አቧራ ይበላል፣ ሦስተኛው የሁለቱንም። ረዳቱ ፊልትሮውን በኮምፕረሰር ሲያጸዳ አየሩን ከውጭ ወደ ውስጥ ከነፋ አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል፤ መነፋት ያለበት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ያመለጠው ብናኝ የፒስተኑን ቀለበትና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ሞረድ ይበላል፤ ከዚያ ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል። ጣራ ድረስ የሚወጣው ስኖርክል ደግሞ አየሩን ከፍ ካለ ቦታ ይስባል እንጂ አያጣራም።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ደቡብ ኦሞ፣ ቱርሚ አካባቢ፣ ክረምት ከበጋ አሸዋ የሚመስል ወንዝ አንድ ዝናብ ከጣለ ይሞላል። ሲነዳ የዋለ መኪና ዲፍረንሻሉ ግሏል። የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ደግሞ ከውጭ ሌላ አየር ይስባል። ለዚህ ሲባል ትንሽ መተንፈሻ ተሠርቶለታል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ግን ዲፍረንሻሉ ዘይት በሚይዘው ጎሚኒ በኩል ወንዙን ይጠጣል። ውኃና ዘይት ተደባልቀው ሲፈስሱ መልካቸው ማኪያቶ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ እያለ በጣሊያንኛ ለሚያወራ ጋራዥ ስሙ እንግዳ አይሆንበትም! ማኪያቶ የታየበት ዘይት በዚያው ቀን ይቀየራል፤ «ከነገ ወዲያ» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። ወንዝ የተሻገረ መኪና የዘንግ መጋጠሚያ ክሮቼራዎቹም አዲስ ግራሶ ይፈልጋሉ፤ ሳይቀቡ ሲከርሙ ማርሽ በገባ ቁጥር «ቀጭ» ይላሉ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የታይሚንግ ቺንጋ መብራት የመጨረሻዋ ናት። በብዙዎቹ 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ትበራለች። ቺንጋውን ሳይቀይሩ መብራቷን ብቻ ማጥፋት ስለሚቻል፣ መጥፋቷ ምንም አያረጋግጥም። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያገለገለ ሃርድቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቺንጋው የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቁ፤ ከሌለ የማስቀየሪያውን ዋጋ ከመኪናው ላይ አስቀንሱና ሳትነዱት ጋራዥ አስገቡት።