ቁስ መነሻውን ሳይረሳ መኖር ይችላል?

ብዙ ቅንጣቶች ጉልበት እየተለዋወጡ ከቆዩ መነሻቸውን ይረሳሉ። ትኩሱ ከቀዝቃዛው ይቀላቀላል፤ ሁሉም ወደ አንድ ሙቀት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ሲጀመር የትኛው የት እንደነበረ መለየት አይቻልም። የሙቀት ሳይንስ የቆመው በዚህ ላይ ነውና፣ የማይረሳ ቁስ አለ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ከፊሊፕ አንደርሰን ነው። በተዘበራረቀ ቁስ ውስጥ የሚጓዝ ኤሌክትሮን የሞገድ ጠባይ ስላለው፣ ከየእንቅፋቱ የሚነጥረው ሞገድ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ኤሌክትሮኑም ካለበት አካባቢ ሳይርቅ ይታሰራል። ስሌቱ ግን ቅንጣቶቹ እንደማይነካኩ የሚቆጥር ነበር። ቢነካኩስ? አንዱ ሌላውን እየገፋ አያስፈታውም? ባስኮ፣ አሌይነርና አልትሹለር በ2006 እስሩ መነካካትንም ተቋቁሞ ሊጸና እንደሚችል በስሌት አሳዩ።

ጥያቄውን ለመመርመር በብዛት የሚመረጠው የስፒን ሰንሰለት ነው፤ በአንድ መስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ማግኔቶች ማለት ነው። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ይነካካል፤ በየቦታው ደግሞ በዘፈቀደ የተመደበ መግነጢሳዊ መስክ አለ። የመስኮቹ ልዩነት ሲያንስ የመነሻው አሰላለፍ ቶሎ ይጠፋል፤ ሲበረታ ግን አሻራው ይቆያል። በ2015 የኢማኑኤል ብሎክ ቡድን ሙኒክ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር በቀዝቃዛ የፖታሲየም አቶሞች ላይ አየ፦ አቶሞቹን በሌዘር ብርሃን በተሠሩ ጉድጓዶች ውስጥ አንድ እየዘለለ ደረደራቸው፤ የጉድጓዶቹ ጥልቀት በበቂ ሁኔታ ሲለያይ አሰላለፉ ሳይደመሰስ ቆየ።

ክርክሩ ያለው፣ መቆየት ለዘላለም መኖር ነው ወይ በሚለው ላይ ነው። ኮምፒዩተር አሟልቶ ማስላት የሚችለው አጭር ሰንሰለት ብቻ ነው። 20 ስፒኖች 1,048,576 ሁኔታዎች አሏቸው፤ አንድ ስፒን በተጨመረ ቁጥር ይህ እጥፍ ይሆናል። በጣም በረጅም ሰንሰለት ውስጥ ግን መስኮቹ በአጋጣሚ የተቀራረቡበት ክፍል አንድ ቦታ ላይ መገኘቱ አይቀርም። ያ ክፍል እንደ እርሾ ነው፤ ጎረቤቱን ያቦካል፣ የቦካውም በተራው ቀጣዩን ያቦካል። ደ ሩክና ሁቬኔርስ በ2017 እንዳስረዱት፣ እስሩ በቂ ጥንካሬ ከሌለው ይህ መስፋፋት አይቆምም። አጭሩ ሰንሰለት እንዲህ ያለ ክፍል እምብዛም ስለማይገጥመው ከሆነው በላይ ጽኑ መስሎ ይታያል።

ስለዚህ በአጭር ሰንሰለትና በቤተ ሙከራ ዕድሜ ትውስታው መኖሩን ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። ወሰን ለሌለው ሰንሰለት ግን ከ20 ስፒኖች የተገኘ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባም።