ሻጋታው ሲራብ ገበያው ይጠግባል

በየፋርማሲው የሚሸጠው የአሞክሲሲሊን ካፕሱል የዘር ሐረጉ ከሻጋታ እንደሚመዘዝ የመድኃኒት ነጋዴ አያጣውም። ሻጋታው መድኃኒቱን የሚሰጠው መቼና በምን ወጪ እንደሆነ ግን ብዙም ሲወራ አይሰማም። ትርፉና ኪሳራው ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደኑ ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ባክቴሪያ ባሳደገበት ሳህን ላይ ፔኒሲሊየም የተባለው ሻጋታ በቅሎ፣ በዙሪያው ያሉት ባክቴሪያዎች ሲጠፉ የተመለከተው በ1928 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግኝቱ ታተመ እንጂ ሸቀጥ አልሆነም። ሻጋታው ከአንድ ሊትር ፈሳሽ የሚሰጠው አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነበርና። ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራውን ያነሱት የኦክስፎርዶቹ ፍሎሪ፣ ቼንና ሂትሊ ማሳደጊያ ዕቃ ቢያጥራቸው በሕሙማን መጸዳጃ ሳህን ሳይቀር ተጠቅመዋል። በ1941 መጀመሪያ አልበርት አሌክሳንደር የተባለ ፖሊስ በመድኃኒቱ ማገገም ጀምሮ ነበር። ከሽንቱ እየተጣራ ተመልሶ ቢሰጠውም መድኃኒቱ አለቀ፤ ሰውየውም ሞተ።

ለመሆኑ ሻጋታው ይህን ያህል የሚሰስተው ለምንድነው? ፔኒሲሊን ለሻጋታው ቀለቡ አይደለም። ሦስት አሚኖ አሲዶችን በአንድ ሰንሰለት ያያይዛል፤ ቀጥሎም በኦክስጅን እየታገዘ ሰንሰለቱን አጥፎ ባለአራት ማዕዘን ቀለበት ያወጣለታል። የባክቴሪያን ግድግዳ የሚገጣጥመውን ኢንዛይም አታሎ የሚያስረው ይኸው ቀለበት ነው። ግድግዳው የሳሳበት ባክቴሪያ ደግሞ ይፈነዳል። ሻጋታው ታዲያ ሆዱ እስከሞላ ድረስ ወደዚህ ሥራ አይገባም። ግሉኮስ እንደልቡ ካገኘ መስፋፋት ብቻ ነው። ስኳሩ ሲሳሳና ዕድገቱ ሲገታ ነው ወደ ፔኒሲሊን የሚዞረው። የፋብሪካው ሙያ እንግዲህ ሻጋታውን መጀመሪያ አጥግቦ ማሳደግ፣ ከዚያ ለቀናት በረሃብ ጫፍ ላይ ማቆየት ነው፤ አይሞትም፣ አይጠግብም።

ይህን የፈታችው የበቆሎ አገር ናት። ፍሎሪና ሂትሊ በ1941 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ኢሊኖይ ውስጥ ፒዮሪያ ከተማ ወደሚገኘው የመንግሥት የእርሻ ላቦራቶሪ ሄዱ። ከበቆሎ ስታርች ሲመረት የሚተርፍ የመዘፍዘፊያ ውሃ በአካባቢው ሞልቶ ነበር፤ ገዢ ግን አልነበረውም። አንድሩ ሞየር ይህን ትርፍ ፈሳሽ ሻጋታው ቀስ ብሎ ከሚበላው የወተት ስኳር ጋር ቢቀልበው ምርቱ በብዙ እጥፍ ጨመረ። በ1943 ደግሞ ከዚያው ከተማ ከተገኘ አንድ የሻገተ የሐብሐብ ዘመድ ፍሬ ላይ የተወሰደው ሻጋታ ከፍሌሚንጉ እጅግ የበለጠ ሆነ። የዛሬው የኢንዱስትሪ ሻጋታ በአብዛኛው የዚያች ፍሬ ልጅ ነው፤ በሊትርም ከ40 ግራም በላይ ይሰጣል።

እንግሊዞች ይህ ነገር ሳይቆጫቸው አልቀረም። ቼን ፓተንት እናውጣ ሲል የሀገሩ የሕክምና ምርምር ሹማምንት ነውር ነው ብለው ከለከሉት። ሞየር ግን በ1948 በአሜሪካ ለአመራረት ዘዴው ፓተንት አገኘ።

ፋይዘር በዚያ ዘመን የሚታወቀው ከሻጋታ ሲትሪክ አሲድ በማምረት ነበር። ብሩክሊን ውስጥ አንድ አሮጌ የበረዶ ፋብሪካ ገዝቶ እያንዳንዳቸው 7,500 ጋሎን የሚይዙ 14 ገንዳዎች ተከለና በማርች 1944 ሥራ ጀመረ። የአሜሪካ ጠቅላላ ምርት በ1943 ከነበረበት 21 ቢሊዮን ዩኒት በ1945 ወደ 6.8 ትሪሊዮን ዩኒት ዘለለ። በ1943 አንድ መርፌ 20 ዶላር የነበረው በ1946 ወደ 55 ሳንቲም ወረደ። ለበሽተኛው እሰየው ነው፤ ለአምራቹ ግን ራስ ምታቱ የጀመረው ያኔ ነው። ገንዳው ስኳር ብቻ ሳይሆን ቀንና ሌሊት የሚነፋ ንጹሕ አየርና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው። ፔኒሲሊን የሚበላ ባክቴሪያ ሾልኮ ከገባ ደግሞ የገንዳው ሙሉ ምርት ይደፋል።

ዛሬ ከገንዳው የሚወጣው ፔኒሲሊን ጂ በብዛት ተሰንጥቆ ስድስት-ኤፒኤ የተባለ ዱቄት ይሆናል፤ አሞክሲሲሊንና አምፒሲሊን የሚሠሩት ከዚያ ነው። ካፕሱል የሚያስመጣውም ሆነ ዱቄት አስመጥቶ እዚህ የሚሞላው የዚሁ ገንዳ ጥገኛ ነው። ገንዳው ደግሞ በብዛት ያለው ቻይና ነው። ሕንድ የራሷ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ የቻይናው ዋጋ ከማምረቻ ወጪያቸው በታች ሲወርድ አንድ በአንድ ተዘጉ። የመድኃኒት ነጋዴ «ርካሽ ስለሆነ አይጠፋም» ሲል መስማት የተለመደ ቢሆንም፣ ርካሽነቱ ራሱ ነው አቅራቢዎቹን ያሳነሳቸው።

የኦስትሪያዋ ኩንድል ነገር ለየት ይላል። እዚያ ፔኒሲሊን የተጀመረው በ1946 በቢራ ጠመቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ገንዳውም የጠማቂነት ሙያውም ዝግጁ ነበርና። በ2020 ሳንዶዝና የኦስትሪያ መንግሥት ፋብሪካው እንዳይዘጋ 150 ሚሊዮን ዩሮ የሚወጣበት ስምምነት አደረጉ፤ 50 ሚሊዮኑ ከመንግሥት ካዝና ነው። ሕንድም በ2020 ባወጣችው የድጎማ ዕቅድ ተመልሳ ገብታለች። የአውሮቢንዶ እህት ኩባንያ ካኪናዳ አካባቢ በዓመት 15,000 ቶን ፔኒሲሊን ጂ እንዲያመርት የሠራው ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ2024 ነው፤ ዕቅዱ ከወጣ አራት ዓመት ቆይቶ።