ቤዙ የት ሄደ? ርካሽ ኢርፎን ስትመርጡ መጀመሪያ ጎማውን እዩ

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ እያለሁ ከኪስ ገንዘቤ አጠራቅሜ አንድ ኢርፎን ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ኤክስትራ ቤዝ» ተብሎ ተጽፏል። ዶርም ገብቼ ስሰካው ግን ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ከበሮው ጣሳ የሚመታ ይመስላል፤ ዘፋኙ ደግሞ በስልክ የሚያወራ ዓይነት ነው። «ተሸወድኩ!» ብዬ ተናደድኩና ቅዳሜ ቤት ስሄድ ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት። እሷ አንድ ዘፈን ከፈተችና «አንተ፣ ምኑ ነው የጎደለው? ጭንቅላቴ ውስጥ እኮ ነው የሚመታው!» አለችኝ።

ኢርፎኑ ያው ነው፣ ስልኩም ዘፈኑም ያው። የተለየው ጆሮው ብቻ ነው። ያኔ ልታስደስተኝ ብላ ነው ብዬ አለፍኩት። ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ የአኩስቲክስ (የድምፅ ሳይንስ) ኮርስ ስወስድ ነው፦ የኢርፎኑ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ የእሷን ጆሮ ግጥም አድርጋ ዘግታዋለች፤ የእኔን ግን አልዘጋችም፣ አየር ታፈስ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ኢርፎን እንዴት እንደሚመረጥ እናወራለን። የምጀምረው ግን ከብራንድ ወይም ከዋጋ ሳይሆን ከዚያች አየር ከምታፈስ ክፍተት ነው።

የኳስ ፓምፕና የጆሮ ቀዳዳ

ኢርፎን ውስጥ ያለው ነገር ትንሽዬ ስፒከር ነው። ማግኔት አለ፣ በማግኔቱ መሐል የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ፣ ከሽቦው ጋር የተያያዘ ስስ ሽፋን አለ። የዘፈኑ የኤሌክትሪክ ምልክት በሽቦው ሲያልፍ ሽፋኑ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ አየሩንም ይገፋል፣ ይስባል። ድምፅ ማለት ይኸው ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሠርግ ቤት ድንኳን ውስጥ የሚቆመው ስፒከር ቤዝ ለማውጣት የቁም ሳጥን ያህል ይገዝፋል። ታዲያ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ ያላት የኢርፎን ሽፋን እንዴት ቤዝ ታወጣለች?

መልሱ የኳስ ፓምፕ ላይ አለ። የፓምፑን ጫፍ በአውራ ጣታችሁ ድፍን አድርጋችሁ ግፉት። ትንሽ ብቻ ብትገፉትም ጣታችሁ ላይ ኃይለኛ ግፊት ይሰማችኋል፤ ምክንያቱም አየሩ መሄጃ የለውም፣ ይታመቃል። ጣታችሁን ከፈት ካደረጋችሁት ግን ቀስ ብላችሁ ስትገፉ ምንም አይሰማችሁም፤ አየሩ ሹልክ ብሎ ይወጣል።

በኢርፎኑና በጆሮ ታምቡራችሁ መካከል የሚቀረው ቦታ በጣም ትንሽ ነው። የመስሚያ መሣሪያ በሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የቆየው «ሰው ሠራሽ ጆሮ» የአየር ይዘቱ 2 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ብቻ ነው። ይህችን ጠባብ ክፍል በጎማ ግጥም አድርጋችሁ ከዘጋችኋት፣ ያቺ ትንሽ ሽፋን ጥቂት ብትንቀሳቀስም በቂ ግፊት ትፈጥራለች። ድንኳኑን የሚያናውጥ ስፒከር አያስፈልግም።

ክፍተት ካለስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ክፍተቱ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰርቅም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ገደማ ላይ ይርገበገባል፣ ማለትም ሽፋኑ በሰከንድ 41 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ ለአየር ዘገምተኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በክፍተቱ ሾልኮ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። የጽናጽል «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ግን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚመላለስ አየሩ ገና ወደ ክፍተቱ መሄድ ሲጀምር ሽፋኑ ተመልሷል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤዙ ነው፤ የሚቀረው ቀጭኑና ጯሂው ነው። የእኔ ጣሳ የመሰለው ከበሮ ምሥጢሩ ይኸው ነበር።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ካርቶኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማዎች አሉ። አብዛኛው ሰው የተገጠመለትን መካከለኛ ይዞ ይቀራል፤ ሌሎቹ ከካርቶኑ ጋር ይጣላሉ። አትጣሏቸው! ሦስቱንም ሞክሩ። የቀኝና የግራ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ስለሚችል አንድ ጆሮ ትልቅ፣ ሌላው መካከለኛ ቢፈልግ አይግረማችሁ (የእኔ እንዲያ ነው)።

በትክክል መግጠሙን ለማወቅ ዘፈን አያስፈልግም። ኢርፎኑን ከሁለቱም ወገን ሰክታችሁ አፋችሁን ዘግታችሁ «ህምምም» በሉ። ድምፃችሁ ድንገት ወፍሮ ከጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚመጣ ከመሰለ ዘግቷል። በአጥንታችሁ በኩል ወደ ጆሮ ቀዳዳ የገባው ድምፅ መውጫ አጥቶ እዚያው ስለቀረ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከወፈረ በሌላው በኩል አየር አለ ማለት ነው። ስትሰኩት ጆሯችሁን በሌላኛው እጃችሁ ወደላይና ወደኋላ ሳብ ብታደርጉት ቀዳዳው ስለሚቃና በቀላሉ ይገባል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው

አሁን ወደ ሱቅ እንሂድ። ካርቶኑ ላይ «20 ሄርዝ – 20 ኪሎ ሄርዝ» ይላል። ይህ የሰው ጆሮ የሚሰማው ክልል ስለሆነ የሚያስደንቅ ይመስላል፤ ግን ኢርፎኑ በዚያ ክልል ውስጥ የትኛውን ድምፅ ምን ያህል አጉልቶ፣ የትኛውን ምን ያህል አደብዝዞ እንደሚያወጣ ምንም አይነግራችሁም። «ከመርካቶ እስከ ቦሌ እሄዳለሁ» የሚል ሹፌር መንገዱ ላይ እንዴት እንደሚነዳ እንደማይነግራችሁ ማለት ነው። «9ዲ ሳውንድ» የሚለውማ ዝም ብሎ ቃል ነው። በአንድ ጆሮ ውስጥ አራት ስፒከር አለ መባሉም በራሱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ አራቱን ማስማማት አንዱን በደንብ ከመሥራት ይከብዳል።

ዋጋስ? እ.ኤ.አ. በ2017 ዬሩን ብሪባርት የተባሉ ተመራማሪ የ283 ማዳመጫዎችን ልኬት ከዋጋቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። ያገኙት ውጤት የጽሑፉ ርዕስ ላይ ራሱ ተቀምጧል፦ በድምፅ ምላሻቸውና በመሸጫ ዋጋቸው መካከል ዝምድና አልተገኘም። ውድ ዕቃ ጥንካሬ፣ ምቾትና ጥሩ ኬብል ሊኖረው ይችላል። የድምፁ ሚዛን ግን በዋጋ አይታወቅም።

ሚዛን ስል ምን ማለቴ ነው? የእስክሪብቶ ክዳን አፉ ላይ ነፍታችሁ አፏጭታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ የራሱ የሚወደው ድምፅ አለው። የጆሯችሁ ቀዳዳም በታምቡር የተዘጋ፣ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ ነው። በአየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ እንዲህ ያለ ቱቦ የሚወደው ሞገድ ደግሞ ርዝመቱ የቱቦውን አራት እጥፍ የሚሆነው ነው። 343ን ለ0.1 ሜትር ስታካፍሉት 3,430 ሄርዝ ይመጣል። በእውነተኛ ጆሮ ላይ ሲለካም 3,000 ሄርዝ አካባቢ ነው የሚገኘው። ማለትም ጆሯችሁ በተፈጥሮው እዚህ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል፤ የሰው ንግግር ጥራት የሚሰማውም በዚሁ ሰፈር ነው።

ኢርፎን ስትሰኩ ግን ቱቦው ከሁለቱም ጫፍ ይዘጋል፣ ያ ተፈጥሯዊ ማጉላት ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ ጥሩ ዲዛይነር 3,000 ሄርዝ አካባቢ የጠፋውን መልሶ ይጨምርላችኋል። ካሳነሰው ዘፋኙ ከበር ጀርባ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ካበዛው የማሲንቆው ጭራ ጥርስ ያፋጫል፣ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይወጋሉ። ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቻቸው በሃርማን ኩባንያ ባደረጓቸው ሙከራዎች አብዛኛው አድማጭ የሚወደው ሚዛን ተቀራራቢ መሆኑን አሳይተዋል። ዛሬ ብዙ አምራቾች ይህን ወይም የሚመስለውን ኩርባ እንደ መነሻ ይጠቀሙበታል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት ሙንድሮፕ ቹ እና ሰቨን ኸርዝ ዜሮ በ20 ዶላር አካባቢ ተሽጠው እጅግ ውድ ከሆኑት ጋር የተወዳደሩት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እንዲህ ዓይነቱን ማስመጣት ሱቅ ውስጥ በታዋቂ ብራንድ ስም የሚሸጥ ኮፒ ከመግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሱቅ ውስጥ መሞከር ከቻላችሁ የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሱቁ የሚከፍትላችሁ ሁሌም ቤዙ የሚያስደነግጥ ነው። እኔ አንድ የኢትዮ ጃዝ ሥራ እከፍታለሁ፦ የቤዝ ጊታሩ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል ወይስ «ድም ድም» ብቻ ነው? ቀጥሎ አንድ ሰው ብቻውን የሚናገርበት ነገር። ድምፁ መሐል ግንባራችሁ ላይ መቀመጥ አለበት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ መጀመሪያ ጎማውን አስተካክሉ፤ ያም ሆኖ ካልተመለሰ ኢርፎኑን መልሱለት።

ባለ ገመድ ወይስ ገመድ አልባ? በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ባለ ገመዱን እመርጥላችኋለሁ። በገመድ አልባው ዋጋ ውስጥ ሦስት ባትሪ (ሁለቱ በጆሮዎቹ፣ አንዱ በማስቀመጫው)፣ የብሉቱዝ ቺፕና ማጉያ አለ፤ ለድምፁ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ባትሪዎቹም ያረጃሉ፣ አይቀየሩም። ስልካችሁ ክቡ የኢርፎን ቀዳዳ ከሌለው የታይፕ ሲ ማገናኛ ያለውን ግዙ። ርካሽ ገመድ አልባዎች ላይ የምታዩት «ኢኤንሲ» የሚል ጽሑፍም እንዳያታልላችሁ፤ እሱ ስትደውሉ ለሚሰማችሁ ሰው ጫጫታ የሚቀንስ እንጂ ለእናንተ ጆሮ አይደለም።

ታክሲ ውስጥ

የጎማው ጉዳይ የቤዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልለፋም ነበር። ቤዙ የወጣበት ክፍተት የታክሲው ሞተር ድምፅ የሚገባበትም ነው።

እንበልና ታክሲው ውስጥ ጫጫታው 75 ዴሲቤል ነው። ጎማው ካልገጠመ ዘፈኑን ከዚያ በላይ ለማድረግ ድምፁን 85 ወይም 90 ታደርሱታላችሁ፤ የጠፋውን ቤዝ ፍለጋ ደግሞ ትንሽ ትጨምሩበታላችሁ። በደንብ የገጠመ ጎማ ግን ጫጫታውን 20 ዴሲቤል ገደማ ሊቀንሰው ይችላል። ያኔ የሚቀረው 55 ነው፤ ዘፈኑ በ70 በደንብ ይሰማል።

በ70 እና በ90 መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ለልጆች 75 ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ኃይሉ እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፦ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5 ሰዓት ብቻ። እስከ 98 ከደረሳችሁ ለሳምንቱ በሙሉ የቀራችሁ 37 ደቂቃ ተኩል ነው። ጠዋትና ማታ ታክሲ የሚጠቀም ተማሪ ሰኞን ሳይሻገር ይጨርሰዋል።

ይህ ገደብ የተቀመጠው በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ላሉት ፀጉር መሰል ህዋሳት ነው። ድምፅን ወደ ነርቭ ምልክት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው፤ ሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። አያምም፣ አይደማም። መጀመሪያ የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ ድምፆችን የሚይዙት ስለሆኑ ሰው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ከዘፈን በኋላ ጆሯችሁ ውስጥ «ጭው» የሚል ድምፅ ከቆየ ምልክት ነው።

ስልኩን ከ60 ፐርሰንት በታች አድርጉ የሚለው ምክር ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ፐርሰንት ዴሲቤል አይደለም። ካርቶኑ ጀርባ ላይ «95 ዴሲቤል» እና «105 ዴሲቤል» የሚል የተጻፈባቸው ሁለት ኢርፎኖች በእኩል ኃይል ሲነዱ ሁለተኛው በ10 ዴሲቤል ይበልጣል። ኢርፎን በቀየራችሁ ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ በደንብ የዘጋ ጎማ የመኪናውንም ጡሩምባ ይዘጋል። አስፋልት ስትሻገሩ አንዱን አውጡት። ጎማዎቹንም በየጊዜው ነቅላችሁ በሳሙና ውኃ እጠቡና አድርቃችሁ መልሱ፤ ከጎማው ሥር ያለችውን ወንፊት የጆሮ ኩክ ከደፈናት የአንዱ ወገን ድምፅ ይዳከማል፣ ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚጥለውም በዚህ ነው። የሰው ጎማ ደግሞ አትዋሱ።

የእህቴን ኢርፎን ከዚያ ኮርስ በኋላ ለአንድ ቀን ተውሼ ነበር፤ ጎማውን ግን አውልቄ ነው። እናቴ ካርቶኑን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው ስለነበር ትልቁን ጎማ በግራ፣ መካከለኛውን አጥቤ በቀኝ አድርጌ ሰካሁት። ቤዙ እዚያው ነበር። «መልስልኝ» ብዬ ጠየቅኳት፤ አልሰጠችኝም።