የኮምፒውተር ትምህርት በምን ይመዘናል? ከሰቆጣ የተቃኘ ዳሰሳ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በዚህ መንገድ የተፈተኑት ተማሪዎች 30 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቁጥራቸው ከ100 ሺህ አልፏል። የኮምፒውተር ትምህርቱ ራሱ ግን ከብሔራዊ ፈተናው የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ የለም። ከ1992 ዓ.ም. አንስቶ በየጊዜው የሚካሄደው ሀገር አቀፍ የትምህርት ቅበላ ጥናትም ዋና ትኩረቱ ቋንቋ፣ ሒሳብና ሳይንስ ነው። ስለዚህ ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ኽምራ አንዲት ተማሪ በኮምፒውተር ምን መሥራት እንደምትችል የሚያውቅ ሰው ቢኖር የክፍል መምህሯ ብቻ ነው። እሱ የሚያወጣው ጥያቄ ደካማ ከሆነ ጉድለቱን የሚያሳይ ሌላ ሚዛን የለም።

ቴክኖሎጂ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎቻችን በስፋት የገባው በፕላዝማ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጁ ትምህርቶች በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፉ ነበር። ተማሪው ተመልካች ነበር፤ ስክሪኑ ጠይቆ፣ ጥቂት ጠብቆ፣ ራሱ መልሶ ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት የሚጠይቀው ከዚህ የተለየ ነው። የኮምፒውተር ትምህርት ከ7ኛ ክፍል ይጀምራል፤ ከፍ ባሉት ክፍሎች ዳታቤዝ ማደራጀት፣ በኤችቲኤምኤል ድረ ገጽ መሥራት፣ በፓይተን ፕሮግራም መጻፍ አለ። እነዚህ ሁሉ በእጅ የሚሠሩ ናቸው። ምዘናው ግን አሁንም በአብዛኛው ወረቀት ላይ ነው፦ ራም ምንድን ነው? ከሚከተሉት የግብዓት መሣሪያ የሆነው የቱ ነው? እውነት ወይም ሐሰት በል። እንዲህ ያለውን ፈተና አንድም ቀን ኪቦርድ ያልነካ ልጅ ደብተሩን ሸምድዶ መቶ ከመቶ ሊያመጣበት ይችላል።

የተግባር ምዘና ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ዋግ የታወቀ የማር አገር ነው። መምህሩ የአሥር ቀፎዎችን ምርት በኪሎ ጽፎ ይሰጥና ተማሪዋ በኤክሴል አስገብታ ድምሩን እንድታወጣ ያዛል። ድምሩ ልክ መጣ እንበል። መምህሩ ማርክ ከመስጠቱ በፊት እፊቷ የአንዱን ቀፎ ቁጥር ከ12 ወደ 20 ይቀይረዋል። ድምሩ አብሮ ከተቀየረ ቀመር ጽፋለች ማለት ነው። ካልተቀየረ በስልኳ ደምራ ውጤቱን በቁጥር አስቀምጣለች። ሁለቱን ለመለየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ ፈጽሞ አይለያዩም። “ለምን ተቀየረ?” የሚል አንድ ጥያቄ ሲታከልበት ደግሞ ገብቷት ይሁን ከጓደኛዋ ቀድታ ይታወቃል።

ዋናው እንቅፋት ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። በሰሜኑ ጦርነት በዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች ወድመዋል፣ ተዘርፈዋል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆች ለረዥም ጊዜ ከትምህርት ርቀዋል። ድርቁም በላዩ ላይ መጣ። መብራት ሲጠፋ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። አምስት ስድስት ልጆች አንድ ማሽን ሲከቡ ማውዙን የሚይዘው ሁልጊዜ ያው ፈጣን ልጅ ነው፤ የቡድን ሥራው ማርክ ግን ለሁሉም እኩል ይሞላል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ የቡድን ማርክ ነው። ከኋላ ቆማ በትከሻ ላይ የምታይ ልጅ፣ ብዙ ጊዜም ሴት ልጅ ናት፣ ሮስተሩ ላይ ጎበዝ ሆና ትታያለች፤ አለመቻሏን የሚያይላት የለም።

የቋንቋው ነገርም አለ። በዋግ በርካታ ልጆች የመጀመሪያ ክፍሎችን በኽምጣኛ ይማራሉ፣ ቀጥሎ አማርኛ ይመጣል፣ 9ኛ ክፍል ላይ እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። ሥራውን የሚችል ልጅ ጥያቄው ሳይገባው ሊወድቅ ይችላል። “እዚህ አስቀምጥ፣ ስሙን ቀይር፣ ወደ ፍላሽ ገልብጥ” የሚለውን ትእዛዝ መምህሩ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ቢሰጥ የሚመዘነው የኮምፒውተር ችሎታው ይሆናል። በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ሁለት ነገር ባንድ ማርክ ይደባለቃል።

ሌላው ዓለምም ጥያቄውን ገና ሠርቶ አልጨረሰም። አይሲአይኤልኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ሥራ ያሠራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በተሳተፉት፣ በአብዛኛው ባለጸጋ በሆኑት አገሮች እንኳ ከፍተኛው ደረጃ የደረሱት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 18 በመቶው ከመጀመሪያው ደረጃ በታች ቀርተዋል። በመሣሪያ መካከል ማደግ ብቻውን ችሎታ አያመጣም። ለዋግ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ከሊቱዌኒያ የመጣው ቤብራስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ይህ ውድድር ልጆች በቅደም ተከተል ማሰብ መቻላቸውን በአጫጭር እንቆቅልሾች ይፈትናል፤ እንቆቅልሾቹን ወረቀት ላይ አትሞ መስጠትም ይቻላል። ኒውዚላንድ ውስጥ የተስፋፋው ያለ ኮምፒውተር የኮምፒውተር ሳይንስን የማስተማር ዘዴም በካርድ፣ በገመድና በጠመኔ ይሠራል። መብራት በጠፋበት ቀን ትእዛዝ በተራ መደርደርን፣ ስሕተት ፈልጎ ማረምን በዚህ መንገድ መመዘን ይቻላል። ፋይል ማስቀመጥንና መተየብን ግን አይተካም፤ የአስተሳሰቡና የእጅ ሥራው ምዘና ለየብቻ ማርክ ሊኖራቸው ይገባል።

በአገራችንም የሚጠቀስ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጪ አካባቢ መምህር ላልነበራቸው ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ተሰጥተው ነበር። ታብሌቶቹ ልጆቹ የነኩትን ሁሉ ይመዘግቡ ስለነበር የማስታወሻ ካርዶቻቸው እየተሰበሰቡ ይታዩ ነበር። ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው ተገኙ ተብሎ ብዙ ተወራ። ብልሃታቸው ያስደንቃል፤ ሆኖም ምን እንደነኩ የሚያሳይ መዝገብ ምን እንደገባቸው አይናገርም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሚገኘው የኦንላይን ሰርተፍኬትም ቢሆን መምህሩ አጠገብ ተቀምጦ “እስቲ ሥራህን አስረዳኝ” የሚለውን አይተካም።

ሥራን በቃል አስረድቶ መመዘን ደግሞ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የሚመዘነው የሌላውን ቅኔ በመድገም ብቻ አይደለም፤ ራሱ ቆጥሮ ያመጣውን ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ መንገዱን ይጠየቃል። በፓይተን አምስት መስመር የጻፈ ተማሪም በዚያው ዓይን ሊታይ ይገባዋል።

ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሰቆጣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የዞኑ ትምህርት መምሪያ ለየክፍሉ አሥር አሥር አጫጭር የተግባር ሥራዎችን ከነማረሚያ ቅጻቸው በአማርኛና በኽምጣኛ አዘጋጅተው በየጉድኝት ማዕከሉ ቢያድሉ መምህሩ ከባዶ አይጀምርም። በየክፍለ ጊዜው አራት ልጆችን ብቻ በተራ ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ቢያይ፣ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ያለው 60 ተማሪ የሚይዝ ክፍል በስምንት ሳምንት ይዳረሳል። የ12ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ከብሔራዊ ፈተናው በፊት ቢያንስ አንድ ሞዴል ፈተና በስክሪን ላይ ይውሰዱ፤ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ መሄድን፣ መልስ መቀየርን፣ ሰዓቱን መከታተልን እዚያው ሰቆጣ ተለማምደው ይሂዱ።