ከመጽሐፉ ጋር ሙያውም ይመዝገብ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የምትገኘው ዲማ በዲማ ጊዮርጊስ ገዳምና በቅኔ ትምህርቷ ስመ ጥር ናት። ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው የአብነት ትምህርት ቤቶች አንዱ የሚገኘውም በዚሁ ሥፍራ ነው። እንዲህ ባሉ ጥንታዊ ገዳማት የሚገኙ የብራና መጻሕፍት በቅርስነት ሲመዘገቡ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ይኸውም የሚመዘገበው መጽሐፉ ብቻ ከሆነ መጽሐፉን ያስገኘው የእጅ ሙያ በምን ይጠበቃል የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ምላሽ ለመስጠት የጃፓን የእንጨት ቅርጽ ሕትመት ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ሠዓሊው ካዋሴ ሃሱዪ እ.ኤ.አ. በ1953 ያቀረበው ሥዕል በቶኪዮ የሚገኘውን የዞጆጂ ቤተ መቅደስ በክረምት በረዶ ተሸፍኖ ያሳያል። በረዶው በጎጃም ደጋ እንደሚታወቀው ጠጠር መሰል በረዶ ሳይሆን እንደ ባዘቶ ጥጥ እየረገፈ የሚከመር ነው።

ሥዕሉ በአንድ ሰው እጅ የሚሠራ አይደለም። ሠዓሊው ንድፉን ያወጣል፤ ቀራጩ ንድፉን በቼሪ እንጨት ላይ ይቀርጻል፤ አታሚው ለየቀለሙ የተዘጋጀውን እንጨት ቀለም ቀብቶ በእጅ በተሠራ ወረቀት ላይ በየተራ ያትማል፤ አሳታሚው ደግሞ ሥራውን ያስተባብራል። ማተሚያ መኪና አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ከጀርባው በቀርከሃ ልጥ በተሸፈነ ክብ መሣሪያ ይታሻል። የበረዶው ንጣትም በአብዛኛው ቀለም ያልነካው የወረቀቱ መልክ ነው። በመሆኑም ቀራጩ ወይም አታሚው ከሌለ የሠዓሊው ንድፍ ብቻውን ሕትመት ሊሆን አይችልም።

የሥራ ውጤቶች በቀላሉ ሊጠፉ እንደሚችሉ ጃፓን ከአደጋ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1923 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ያስከተለው ቃጠሎ የሃሱዪን የንድፍ ደብተሮች፣ የአሳታሚው ዋታናቤ ሾዛቡሮንም የተቀረጹ እንጨቶች አውድሟል። ሥራው ሊቀጥል የቻለው ሙያው በባለሙያዎቹ እጅ ስለነበር ነው።

ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የባህል ቅርሶች ጥበቃ ሕግ ከቁሳዊ ቅርስ ጋር ሙያንም አካታለች። የዞጆጂው ሥዕልም የተሠራው በመንግሥት የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ ትዕዛዝ ሲሆን፣ ዓላማው የአሠራሩን ሂደት በጥንቃቄ መዝግቦ ማስቀመጥ ነበር። ሃሱዪ ከአራት ዓመት በኋላ አርፏል።

የእንጨት ቅርጽ ሕትመት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ሠዓሊ ካርል ሃይንዝ ሃንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይህንኑ ሙያ አስተምሯል።

የብራና መጽሐፍ ዝግጅትም እንዲሁ የብዙ እጆች ውጤት ነው። ቆዳው ተነክሮ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ተፍቆም ይለሰልሳል። ቀለሙ ይበጠበጣል፤ መቃው ይቀረጻል፤ ቁም ጸሐፊው ይጽፋል፤ ደጓሹም ይደጉሳል። ይህ ዕውቀት በዋናነት የሚተላለፈው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃልና በተግባር ነው። ተረካቢ ያላገኘ ባለሙያ ሲያርፍ ዕውቀቱም አብሮት ይቀበራል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ግዙፍነት የሌለውንም ቅርስ ያካትታል። ኢትዮጵያም የዩኔስኮን ግዙፍነት የሌላቸው ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀብላለች። ስለሆነም በየደረጃው የሚገኙ የባህል ጽሕፈት ቤቶች የአንድን ብራና መጽሐፍ ገጽ ቆጥረው ሲመዘግቡ፣ ሙያውን የሚያውቁ አባቶች እነማን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚሠሩና ማንን እያስተማሩ እንደሆነ ጨምረው ሊመዘግቡ ይገባል። ይህም ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ ሊከናወን የሚገባው ተግባር ነው።