አርባ አንድ ጊዜ

ጠዋት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነጠላ ከተከናነቡ እናት ጎን የተቀመጠ ሰው፣ ልብ ካለ፣ ከነጠላው ሥር የምትንቀሳቀስ አውራ ጣት ያያል። ከንፈራቸው ይነቃነቃል፤ ድምፅ ግን የለም። ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ጣቷ ባለችበት ፍሬ ላይ ትቆማለች። መልሱን ከተቀበሉ በኋላ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

የያዙት መቁጠሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ 41 ፍሬ አለው። 64 ያለውም አለ፤ ይኸኛው እመቤታችን በምድር የኖረችበትን ዕድሜ ይዘክራል። 41 የእግዚኦታ፣ «እግዚኦ» እያሉ ምሕረት የመለመን፣ ቁጥር ነው። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ሕማማቱን ይቆጥራል፦ 39 ግርፋት፣ አንድ የእሾህ አክሊል፣ አንድ የጦር ውጊያ።

ያንኑ ቃል አርባ አንድ ጊዜ መመላለስ ከውጭ ለሚያየው አሰልቺ ይመስላል። የመቁጠሪያው ብልሃት ግን ቁጥሩን ለጣት አሸክሞ ሐሳብን ከሒሳብ ማሳረፉ ነው። አስቸጋሪው ነገር ጣት ሮጣ ልብ ወደ ኋላ ሲቀር ነው፤ ያኔ ጸሎቱ ቀርቶ ጣት ማፍታታት ይሆናል።

ይህን ብልሃት ሌሎችም ያውቁታል። ሙስሊሙ 33 ወይም 99 ፍሬ ባለው ተስቢሕ ዚክር ያደርጋል። ሂንዱዎች 108 ፍሬ ባለው ማላ ማንትራ ይደግማሉ። የግሪክ መነኮሳት ደግሞ ከሱፍ ክር የተቋጠረ ገመድ ይዘው የኢየሱስን ስም ይጠራሉ።

በቤተ ክርስቲያን በዜማ የሚቆመው ማኅሌት ግን ሌላ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ዓመታት ይፈልጋል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን መለየት፣ የዜማ መጽሐፉን ድጓን መያዝ፣ መቋሚያውን ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር ማስማማት። ለእግዚኦታ ግን ፊደል ያልቆጠረም ይበቃል።

ይህ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በስቅለት ዕለት ነው። የጎፋ ገብርኤልና የመካኒሳ ሚካኤል ግቢ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ በነጭ ይሆናል። ካህኑ ይመራል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ይሰግዳል፤ ሽማግሌው በመቋሚያ ተደግፎ፣ ወጣቱ ግንባሩን መሬት አስነክቶ። ከሚመላለሱት ቃላት አንዳንዶቹ አማርኛም ግዕዝም አይደሉም። «ኪርያላይሶን» ግሪክኛ ነው፤ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። «እብኖዲ ናይን» ደግሞ ከግብፅ፣ ከቅብጥ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ልመናው ያው ነው። በጎፋ ሲሚንቶ ያራገፈ የቀን ሠራተኛ ከባንክ ጸሐፊዋ ጎን ቆሞ በቅብጥ ምሕረት ይለምናል፤ ትርጉሙን የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው።

ወደ ማታ ሕዝቡ ወደ አራቱም ማዕዘን እየዞረ እግዚኦታውን ያደርሳል። ከዚያ ተራ ይዞ ካህናቱ ፊት ይቀርባል፤ እነሱም ጀርባውን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው የስግደት ቁጥር ያዙለታል። አንዳንዱ እዚያው ይሰግዳል፤ አንዳንዱ ቁጥሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።